ማህተም ያልተመታበት ጫካ

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ
ቁርስ፦ ሩዝ፣ ጨው የሌለው ዓሣ፣ ጨው የሌለው ሚሶ፣ ያ የአኩሪ አተር ሾርባ። ማን ነው ይህን ምግብ ያለው? ጠዋት የደም ግፊቴ 168። የፋብሪካው ሐኪም ካልወረደ ወደ ቁጥጥር ክፍል አልመልስህም ብሏል። ያዘዘልኝ፦ ስምንት ጊዜ ከመሪ ጋር ጫካ መግባት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ካርዴ ላይ ማህተም ማስመታት። የዛፍ ሽታ ደም ያረጋጋል፣ እንቅልፍ ያመጣል የሚል ጥናት አለ አለኝ። ጥናቱን ራሴ አነበብኩት። ደህና ጥናት ነው።

ሴፕቴምበር 16
ጥናቱ ደህና። ሰዉ ግን… ሺሞሳካ የሚባለው መሪ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ለእኛ የሚያወራው እንደ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነው። «እስቲ ዛፋችንን እንቀፍ! ምን አላችሁ?» የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ግንድ ላይ ተለጠፉ። ደግሞ ድብ ለማሸሽ እያንዳንዱ ቦርሳ ላይ ቃጭል። ጸጥታ ፍለጋ መጥተን እንደ ሲራራ ነጋዴ እየተንቃጨልን ሄድን። ስገባ 161፣ ስወጣ 174።

ሴፕቴምበር 30
ሦስተኛ ማህተም። ከተለካን በኋላ ሺሞሳካ በየተራ ይጠይቃል። «ታደስኩ።» «ታደስኩ።» «ታደስኩ።» እኔ ጋ ደረሰ።
«ጨመረብኝ» አልኩ።
ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ፦ «የኔም ጨምሯል። ባለፈውም ጨምሮ ነበር። ለልጁ አዝኜ ነው ታደስኩ ስል የቆየሁት።»
ወይዘሮ ኩዋባራ ትባላለች። ሰባ ያለፋት፣ ጡረታ የወጣች ጸጉር ሠሪ።

ኦክቶበር 4
ከዚያ ልጅ ጋር ሁለተኛ አልሄድም። አበቃ።

ኦክቶበር 14
ያለ መሪ፣ ከኩዋባራ ጋር በላይኛው መንገድ።
«ቃጭልዎን ዝም ያሰኙልኝ» አልኳት።
«ድብ ቢመጣስ?»
«የእኛን አፍ ሲሰማ ይሸሻል።»
ምራቷን አማን። ፋብሪካ ውስጥ የእኔን ቦታ የያዘውን ቀጣፊ አማን። ሺሞሳካን ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሐሜቱ አለቀ… ዝም ብለን ሄድን። እርጥብ የጥድ ሽታ። ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እስኪነጋ አልነቃሁም። ከስንት ጊዜ በኋላ?

ኦክቶበር 28
138! ስንመለስ መግቢያው ላይ ቆምን። ማህተሙ ጠባቂ የለው፣ ከነቀለሙ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው።
«የጎደለውን ምታና ተገላገል» አለች። «ማን ያይሃል?»
«ከመሪ ጋር ላልሄድኩበት?»
«ጫካው ያው ጫካ!»
«ማህተሙ የጫካው አይደለም፤ የመሪው ነው።»
«ኧረ አንተ ሰውዬ! ሚስትህ እንዴት ቻለችህ?»
«አልቻለችም።»

ኖቬምበር 6
ሐኪሙ ለካኝ። 134። ፊቱ በራ። ከዚያ ካርዱን አየ።
«አምስት ይጎድላል።»
«ግፊቴ ወርዷል።»
«ደንቡ ግን…»
«እዚያው ጫካ ነው የሄድኩት።»
«ከማን ጋር?»
«ከአንዲት ጸጉር ሠሪ ጋር።»
እንደ እብድ አየኝ። መሪዎቹ በበረዶው ወራት አይሠሩም። ስለዚህ ቀሪው ማህተም የሚመታልኝ፣ ሥራም የምመለሰው በረዶው ሲቀልጥ ነው። የእሱ ወንበር ላይ ብሆን እኔም አልፈርምም ነበር… በጣም ያበሸቀኝ ይኼ ነው።
ለኩዋባራ ደወልኩ።
«ማህተሙን አልመታህም አይደል?»
«አልመታሁም።»
«ግግም!» ሳቋ አላቆም አለ።
በረዶው ሳይጥል ነገ እንውጣ አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት።
«ሐሜታችን አልቆ የለ እንዴ? ማንን ልናማ ነው?»
«ሐኪሙ አለልን።»