አጋዘን ሊያይ የመጣው ሰውዬ

ሐሙስ

እሺ አልኩ። ምን ላድርግ? አባዬ «አንድ ቀን አብራችሁ ብትውሉ ትተዋወቃላችሁ» እያሉ ሲለምኑኝ እንቢ ማለት አቃተኝ። ቅዳሜ ሰሎሞን ከእኔ ጋር አጋዘን ሊያይ ይወርዳል።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ወንዶቹ አጋዘኖች ሴት ፍለጋ ከቁጥቋጦው ብቅ ሲሉ፣ ከጽጽቃ ከተማ በታች ካለው ገደል አፋፍ ሆኜ ከሩቅ አያቸዋለሁ። ባዮሎጂ ስለማስተምር ለተማሪዎቼ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ደስ ስለሚለኝ ነው የምሄደው። ከዓመቱ ውስጥ ማንም የማያናግረኝ ቀን እሱ ብቻ ነው። እሱንም ሊወስድብኝ ነው።

ሰሎሞን የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ነው። ከባሕር ዳር መጥቶ እኔን ካላገባሁ እያለ ነው። ፒካፕ አለው፣ የወርቅ ጥርስ አለው፣ ስለ ሁሉም ነገር ደግሞ ሐሳብ አለው። አባዬ ፒካፑን ሳይወዱት አልቀሩም። «አንተ በይኝ እንጂ» ይለኛል። እርስዎ እያልኩት ነው።

ዓርብ

ቤት መጣ። ለነገው ማወቅ ያለበትን ነገርኩት። ነጭ አይልበሱ። ሽቶ አይቀቡ። አናወራም። ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኛ በሚነፍስበት በኩል እንቀመጣለን። በወንዱና በሴቷ መካከል አንገባም። ከሁሉ በላይ የሚሸሹበትን መንገድ አንዘጋም፤ በዚህ ወቅት ወንዱ ከደነበረ ፊቱ የቆመውን አያይም።

እያዛጋ ሰማኝ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሮ «ልጅዎ ፍየሉን አንበሳ አደረገችው» አለ። አባዬ ሳቁ። እኔም እመጣለሁ አሉ። ደግሞ እሳቸው ለምን? አፌን እንዳልከፍት ሊጠብቁኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ

ሰቆጣ ሆስፒታል ነኝ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ነጭ ጃኬት ለብሶ መጣ። ሽቶው ከእኛ ቀድሞ መኪናው ውስጥ ገብቷል። መኪናውን ጽጽቃ አቁመን በእግር ወረድን፤ መንገዱን ሙሉ ስለ አስፋልት አወራ።

ሁለት ወንድ አጋዘኖች ቀንድ ለቀንድ ተያይዘው አገኘናቸው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አቧራው፣ የቀንዳቸው ኳኳታ! ሴቷ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቅጠል ትቀነጥባለች። ለትንሽ ጊዜ ሰሎሞንን ረሳሁት።

ስዞር የለም። አባዬም የሉም። ለካ በሁለት ቋጥኞች መካከል ያለችው ጠባብ መውጫ ላይ አባዬን አቁሞ፣ አጋዘኖቹን ከኋላቸው አድርጎ ፎቶ ሊያነሳቸው ነው። በዓለም ላይ ስንት መቆሚያ እያለ! ብጮህ እንስሶቹ ይደነብራሉ። እጄን አወናጨፍኩለት። መልሶ እጁን አወዛወዘልኝ።

የተሸነፈው አጋዘን ዞሮ ሲሮጥ ማምለጫው ያ ብቻ ነበር። ሰሎሞን አየው። ካሜራውን አቅፎ ቋጥኙ ላይ ወጣ። እንዲህ ቀልጣፋ ነው ብዬ አልገመትኩም። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አባዬ ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ ለፎቶው ፈገግ እንዳሉ ነበሩ።

በቀንዱ አልወጋቸውም። በትከሻው ጥሏቸው አለፈ። ክንዳቸውና ጎድናቸው ተሰብሯል፣ ግንባራቸው ተፈንክቷል። በአቅራቢያው ያጭዱ የነበሩ ገበሬዎች ቃሬዛ ሠርተው ተሸክመው አወጡልን። መኪናው ጋ ስንደርስ ሰሎሞን መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወንበሩ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ ነው። ደም እንዳይነካው። አባዬ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ አንድ ነገር አሉ። ምን አሉ ሲለኝ፣ እየጸለዩ ነው አልኩት።

እሑድ

ሳንባቸው አልተነካም። ተመስገን። ሾርባ ጠጡልኝ። ስለ ትናንቱ ግን ምንም አላሉም።

ሰሎሞን ብርቱካን ይዞ መጣ። ፎቶው ጥሩ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረን። በሩ ድረስ ሸኘሁትና «አንተ፣ ለምን አልጮህክም?» አልኩት።

ፈገግ አለ። «በመጨረሻ አንተ አልሽኝ» አለ።

ሌላ የሰማው ነገር የለም።

ሰኞ

ሰቆጣን ወሬው ሞልቷታል። ሰሎሞን አባቴን ከአጋዘን ቀንድ ላይ ነጥቆ አትርፏቸዋል። የመምህራን ክፍል ውስጥ እንኳን ደስ አለሽ ተባልኩ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ጀግና አገኘሽ አለኝ።

ለአባዬ ነገርኳቸው። ግድግዳውን አዩ። ሊጠይቃቸው የገባ ጎረቤታችን «ያ ልጅ ባይኖር ኖሮ» ብሎ ሲጀምር ደግሞ አዎ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እያየሁ!

አፍረው እንደሆነ ይገባኛል። ሰውዬውን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ሰሎሞንን መናቅ ቀላል ነው፤ እንዲያውም ያሳርፋል። አባቴን መናቅ ግን አልፈልግም። ዛሬ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ማክሰኞ

ሰሎሞን የላካቸው ሽማግሌዎች ሆስፒታል ድረስ መጡ። በሽተኛ ለመጠየቅም ነው፣ ጉዳዩን ለመጨረስም ነው። ሰሎሞን ሱፉን ለብሶ ከኋላቸው። ትልቁ ሽማግሌ፣ ነፍስዎን ያተረፈ ልጅ ከእንግዲህ የእርስዎም ልጅ ነው ብለው ጀመሩ። ሰሎሞን እንደ ትሑት ሰው መሬት መሬቱን አየ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ጥርሴን ነክሻለሁ።

አባዬ ቀና ለማለት ሞክረው አመማቸው። ደግፌ አስቀመጥኳቸው።

«እኔን ያተረፈኝ የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ ልጅ እንስሳው ሲመጣ አይቷል፣ እኔ አላየሁም። ዞር በሉ ቢለኝ ዞር እል ነበር። እስከ ዛሬ ያልተናገርኩት አፍሬ ነው።»

ሰሎሞን፣ ደንግጬ ነው አለ። ይህችኛዋ እንኳ እውነት ናት።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። «አልፈልገውም» አልኩ። ያዘጋጀሁት ብዙ ስድብ ነበረኝ፤ አንዱም አላስፈለገኝም።

ከወጡ በኋላ አባዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። የተኙ መስሎኝ ብርድ ልብሱን ሳስተካክል፣ ቤት ሂጂና እረፊ አሉኝ። አልሄድኩም። ነገ ክፍል አለኝ፣ ምንም አላዘጋጀሁም። ሐኪሙ ክንዳቸው እንደ በፊቱ ላይሆን ይችላል ይላል። ግን ደህናውን እጃቸውን እጄ ላይ አድርገዋል፣ እስካሁን አላነሱትም። የምጽፈው በሌላው ነው።