ጠፍጣፋው ድባብ

ማክሰኞ

አላመንኩም። ሰው ፊት ላለማፈር ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ እንጂ አላመንኩም። ትናንት በማታው ክፍል መምህር ይትባረክ "የፈለጋችሁትን ጎነ ሦስት ቁረጡ፤ ሦስቱን ማዕዘኖች ገንጥላችሁ ጎን ለጎን ግጠሟቸው፤ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ድምራቸው ሁልጊዜ መቶ ሰማንያ ዲግሪ ነው" አለን። ሁልጊዜ? የዓለምን ጎነ ሦስት ሁሉ ዞሮ ለካው?

ዛሬ ሱቄን ከፍቼ፣ ገና ሳልጠርግ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ሞከርኩት። ቀጭን፣ ወፍራም፣ አንዱን ደግሞ ሆን ብዬ አስቀያሚ አድርጌ ቆረጥኩት። ሁሉም ቀጥ! መቀሴን እንደያዝኩ ክው ብዬ ቀረሁ። ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስቆርጥ ይሄን ማን ነው የደበቀኝ?

ለጎረቤቴ ለእትዬ አስካለ አሳየኋቸው። "እና ምን ይሁን?" አሉኝ። እሳቸው የመጡት ለድባባቸው ነው። ልጃቸው ምጥ ጠንቶባት ሐኪም ተስፋ በቆረጠ ጊዜ ተስለው ነበር፤ እናትም ሕፃንም ተረፉ። ስለቱ በአንኮበር በኩል ላለችው የትውልድ ደብራቸው፣ ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋ ድባብ ማስገባት ነው። ንግሡ እሑድ ነው። ቀዩን ከፋይ ጨርቅ ራሳቸው አምጥተውልኛል፤ ገበያው ላይ ከዚያ ቀለም የቀረው እሱ ብቻ ነበር አሉ። ስዳስሰው እጄ ሰመጠ።

"እንደ እናትሽ አድርገሽ ስፊልኝ፤ ስለት ነውና አደራ" ብለውኝ ሄዱ።

ረቡዕ

ዛሬ ደሜ ፈላ።

ትናንት ማታ የተማርነው ይሄ ነው፦ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ያሉት ማዕዘኖች ሲደመሩ ሦስት መቶ ስልሳ ዲግሪ ይሆናሉ። የድባብ ጨርቅ ደግሞ ስምንት ጎነ ሦስት ነው፤ ሹል ሹላቸው መሃል ላይ ይገናኛል። ሦስት መቶ ስልሳ ለስምንት ሲካፈል አርባ አምስት። ራሴ ነኝ ያካፈልኩት፣ ማንም አልነገረኝም።

ማዕዘን መለኪያውን ፕሮትራክተሬን አውጥቼ የእናቴን የካርቶን ልክ ለካሁት። እሷ ድባብ ስትሰፋ የኖረችው በዚያ ካርቶን ነው፤ እኔም ከወረስኩት ጀምሮ ከሱ ሌላ አላውቅም። ሹሉ አርባ እንኳ አይሞላም! ገልብጬ ለካሁት። አይሞላም። ወይ ጉድ! እናትና ልጅ በተሳሳተ ልክ ስንቆርጥ ኖርን ማለት ነው? ነፍሷን ይማርና እናቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰችም፤ በሷ አልፈርድም። በራሴ ግን ተናደድኩ። ካርቶኑን ቦጫጭቄ ከሰል አቀጣጠልኩበት።

ከዚያ አርባ አምስት፣ አርባ አምስት እያልኩ በጠመኔ አሰመርኩና ከፋዩን ቆረጥኩት። የተማረ ሰው ሥራ ይሄ ነው ብዬ ኮራሁ።

ሐሙስ

ምን ዓይነት መዓት ነው በራሴ ላይ ያመጣሁት?

ሰፍቼ ጨረስኩ። ዘንጉ ላይ አለበስኩት። ሽቦዎቹን ገፋሁ። ተዘረጋ፣ ተዘረጋና እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። ጎበጥ የሚል ነገር የለውም። ዘቅዝቄ አየሁት፣ ያው ነው። ታቦት በተሸከመ ካህን ራስ ላይ ትሪ ልዘረጋ!

ስምንቱንም ደግሜ ለካሁ። አርባ አምስት። ሁሉም። እኮ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ተመልሼ እንዳላመሳክር ልኩን አቃጥዬዋለሁ።

እትዬ አስካለ በሩን ሲያንኳኩ ድምፄን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። የአርባ ዓመት ሴትዮ ከድባብ ሥር ተደብቄ! እዚህ ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

ዓርብ

ድባቡን በአንሶላ ጠቅልዬ በባጃጅ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ግማሹ ውጭ ነበር የተንጠለጠለው። መምህር ይትባረክ ቀን ቀን ልጆች ያስተምራል። በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ አገኘሁትና ዘረጋሁለት። እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ። ልመታው ምንም አልቀረኝ።

"እትዬ ዘነቡ፣ ሒሳብዎ እኮ ልክ ነው" አለኝ። "ሦስት መቶ ስልሳው ሲሞላ ዝርግ ይሆናል። እርስዎ ጣሪያ ፈልገው ወለል ሠሩ።"

ወረቀት ክብ አድርጎ ቆረጠ። ከክቡ እንደ ዳቦ አንድ ቁራሽ አወጣና የቀረውን ጠርዝ ለጠርዝ ሲያገጣጥመው ወረቀቱ ሾጠጥ ብሎ ቆመ። አፌን ይዤ ቀረሁ። ለካ ካልጎደለ አይቆምም! ለካ እናቴ አልተሳሳተችም!

"ታዲያ ስንት ልቀንስ?" አልኩት።

"እሱን እኔ አላውቅም። ምን ያህል ከፍ እንዲል እንደሚፈልጉ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት" አለኝ።

መምህር አላውቅም ሲል ስሰማ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ የት አውቅና! የምታውቀው እናቴ ነበረች፤ የተወችልኝን ደግሞ አመድ አድርጌዋለሁ። ስለካው አርባ አለመሙላቱን እንጂ ስንት ላይ እንዳረፈ ልብ አላልኩም። ከዚህ በፊት የሰፋኋቸውን ሄጄ እንዳልለካ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባ ንዋይ እኔ አልነካም።

ቅዳሜ

ለእትዬ አስካለ ሁሉን ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። "የስለቴን ከፋይ?" አሉና በርጩማው ላይ ዘጭ አሉ። "በልጄ ላይ ምን ልታመጪብኝ ነው?" አልጮሁም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያተረፈኝ አንድ ነገር ነው፦ ጨርቁ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። ጠቦ ቢሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር። የሲሚንቶ ከረጢት ለምኜ አመጣሁና በወረቀቱ መሞከር ጀመርኩ። አርባ ሁለት፦ የድስት ክዳን። ሠላሳ፦ የጎጆ ጣሪያ። እትዬ አስካለ ተነሥተው ወረቀቱን ያዙልኝ። ሠላሳ ስድስት ላይ ስደርስ ራቅ ብለው አዩትና "ይሄ ይሁን" አሉ።

"የእናቴን ይመስላል?"

"እንጃ ልጄ። ለዓይኔ ግን ደስ ብሎኛል።"

ስፌቱን ተርትሬ አጠበብኩት። የድሮው የመርፌ ቀዳዳ ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከላይ ምንም አይታይም። ስዘረጋው ጎበጠ፣ ተንጠራራ። እልል ልል ብዬ ፈራሁ። ካህናቱ ምን እንደሚሉ ማን ያውቃል?

እሑድ

በማለዳ ሚኒባስ ከእትዬ አስካለና ከልጃቸው ጋር ሄድን። ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ታቦቱ ሲወጣ ድባቡ ተዘረጋ። እትዬ አስካለ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው እልልታውን አቀለጡት፤ እኔ ነጠላዬን ነክሼ ሽቦ ሽቦውን አያለሁ። አልረገበም፣ አልተጣመመም።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ቄሰ ገበዙ አስጠሩኝ። የደብሩን አሮጌ ድባብ የሰፋችላቸው እናቴ ናት። አዲሱን ቀና ብለው አዩ፣ ቆይተው አዩ።

"ይሄ የእናትሽ ልክ አይደለም" አሉኝ።

"አዎ አባቴ፣ የሷን ልክ እኔ ነኝ ያጠፋሁት…" ብዬ ልናዘዝ ስል እጃቸውን አነሡ።

"ከሷ ከፍ ይላል። ያምራል! አሮጌው አልቋል፤ በሱም ፈንታ እንደዚህኛው አድርገሽ ስፊልን።"

እሺ አልኩ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወደ ጓሮ ዞርኩና ግንብ ተደግፌ አለቀስኩ። እትዬ አስካለ ደርሰው "ምነው፣ አልወደዱትም እንዴ?" አሉኝ ደንግጠው። ወደዱት፣ አልኳቸው። ወደውታል፣ ደስም ብሎኛል። እናቴ በስንት ዲግሪ ትቆርጥ እንደነበር ግን ከእንግዲህ ማንም አይነግረኝም።