በሰባተኛው ገጽ ላይ ያሉት በሮች

ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ ደህና ናት? የጉልበትህ ቀዶ ጥገና ቁስል ደርቆልሃል? አራት ወር ሙሉ ሳልጠይቅህ የቀረሁት ረስቼህ አይደለም፤ ስምህ በተነሳ ቁጥር ደሜ ስለሚፈላ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ትከሻዬ እንደ ድሮው ያመኛል፤ ዘንድሮ ግን አረፍ ብሏል፤ ሥራ የለኝማ።

ወሬውን ከሌላ ሰው ሰምተሃል። አሁን ከእኔ ስማ።

አምና ከፋሲካ በፊት በነበረው እሁድ ቤቴ መጣህ። ሁለት ሳህን የሸርጣን ሾርባ ጨርሰህ፣ "መርከብ መሥሪያችን የውጭ ንግድ ቀጠና ሊሆን ነው" አልከኝ። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቅህ፣ ግቢው እዚሁ ሚሲሲፒ ቁጭ ብሎ ለቀረጥ ሲሆን ግን ከአገር ውጭ እንዳለ እንደሚቆጠር፣ ሞተሩም ፓምፑም ያለ ቀረጥ እንደሚገባ፣ መርከቡ እንደሚረክስ፣ አራት መቶ ሰው እንደሚቀጠር አስረዳኸኝ። "ታዲያ አንተን ለመጠየቅ ፓስፖርት ላውጣ?" አልኩህ። ሳቅን። ከዚያ፣ "እህትዬ፣ ለከተማው ሕዝብ በምንጠራው ስብሰባ ላይ አንድ ቃል ተናገሪልን። እኛ ስንናገር አለቆች ናቸው ይሉናል፤ አንቺን ግን ሰው ያምንሻል" አልከኝ።

አመኑኝ። የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ተነስቼ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ለመርከብ መሥሪያችሁ በሚሠራው በሚስተር ኔኬስ ወርክሾፕ ውሃ የማያስገባ የመርከብ በር ስበይድ እንደኖርኩ፣ መርከብ መሥሪያው ካደገ እኛም እንደምናድግ ተናገርኩ። አጨበጨቡ። ያን ጊዜ ኦዴል፣ ሃያ ዓመት ከጎኔ ቆሞ የበየደው ኦዴል፣ እጁን አወጣ። "በርስ? በርም ከውጭ ያለ ቀረጥ ይገባል?" ብሎ ጠየቀህ። አንተ ማይክሮፎኑን ጨብጠህ፣ "ኦዴል፣ በር ተሸክሞ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ጅል ማን አለ?" አልክ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ኦዴልም ሳቀ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ኦዴልም ሳቀ!

በጥቅምት ከዋሽንግተን ተፈቀደላችሁ። በጥር በሮቹ ከኮሪያ በኮንቴይነር መጡ፤ ቀለማቸው ሳይቀር ተቀብቷል። ሚስተር ኔኬስ ከምሳ በኋላ አሥራ አንዳችንንም ሰበሰበን። ኮፍያውን አውልቆ፣ "የእነሱ በር እኛ ብረቱን ብቻ በምንገዛበት ዋጋ ነው የገባው። ታገልኩ፤ አልቻልኩም፤ ልዘጋው ነው" አለን። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ፊታችን አለቀሰ።

በማግስቱ ወደ አንተ መጣሁ። የአዲሱ አጥር መግቢያ ላይ ያለው ጥበቃ፣ "እናቴ፣ ፈቃድ ከሌለሽ አታልፊም" አለኝ። የአንተ ጸሐፊ ወርዳ ስብሰባ ላይ ነው አለችኝ። ቀና ብል ፎቅ ላይ መስኮቱ ጋ ቆመህ ቁልቁል ታየኛለህ። ስብሰባው ከመስኮቱ ጋር ነበር እንዴ? እናታችን ስትሞት አንተ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። የተማርከው እኔ ስበይድ ባገኘሁት ነው። እኔን ከበር መለስከኝ!

አሁን ገበያ ስወጣ ሴቶቹ "ንግግር አዋቂዋ መጣች" ይላሉ። የሚያዝኑልኝ ደግሞ "ወንድሟ አታለላት" ይላሉ። የሚያዝኑልኝ ይብሱብኛል።

አላታለልከኝማ።

ያን እሁድ ሾርባውን እንደጨረስክ የቀጠናውን ማመልከቻ የጻፍክበትን ፎልደር ጠረጴዛዬ ላይ ትተህ በለሱን ልየው ብለህ ጓሮ ወጣህ። ፎልደሩ ተዘግቶ አልነበረም። ሰባተኛው ገጽ ላይ ተከፍቶ ነበር። "ውሃ የማያስገባ የብረት በር" ይላል፣ ያለ ቀረጥ ከሚገቡት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ከፓምፑና ከቫልቩ መሀል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ምን ልበል? በአለቆችህ ፊት ላዋርድህ? ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፣ በር ማን ያመጣል፣ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። አዳራሹ ውስጥ ኦዴል ሲጠይቅህ አንተ የመለስከው ለእሱ ነው፤ ያየኸው ግን እኔን ነበር።

አንተ ደግሞ በለስ አትበላም። ከልጅነትህ ጀምሮ ያሳክክሃል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እዚያ ዛፍ ሥር ምን ስትጠብቅ ነበር? አፍ የለህም? በአፍህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሸክምህን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተህ እኔ እንዳነሳልህ!

ባለፈው ቅዳሜ ኦዴል ጋ ሄድኩ። ጀልባው አጠገብ ዓሣ ያጸዳ ነበር። "አይቼው ነበር" አልኩት። "ከስብሰባው በፊት?" አለኝ። አዎ አልኩት። ቢላዋውን አስቀመጠ። "ወንድምሽስ? እያወቀ ነው በእኔ ያሳቀው?" ብሎ ጠየቀኝ።

የሰጡትን ነው የጻፈው፣ ልብ አላለውም፣ አልኩት። ዋሸሁልህ። የራሴን ጥፋት ልናዘዝ ሄጄ የአንተን ሸፍኜ ተመለስኩ። ኦዴል ያመነኝ አልመሰለኝም፤ ግን "እሺ" አለኝ፣ ለልጅ ልጆችሽ ብሎም ሁለት ዓሣ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያሳቅህበት።

ደግሜ አልዋሽልህም። የኦዴልን ቤት ታውቀዋለህ። የሚጠይቅህ ጥበቃ የለውም፣ አጥርም የለውም። ሂድና ራስህ ንገረው። ብቻዬን አልችልም ካልክ ከጎንህ እቆማለሁ፤ እየተቆጣሁም ቢሆን እቆማለሁ።

ጌታ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ምላስህንም ይፍታልህ። ሚስትህን ሳምልኝ።

ያሳደገችህ እህትህ