አባዬ ወሬ የለመደበት ዘመን

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ? ብርድ ሲነካው የሚቀሰቀስብሽ ጉልበትሽ ዘንድሮ ተወሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስመርርሻል? ባለቤትሽስ ጀርባው ተሻለው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ የወለቀ ጥርሷ ተተካላት? እኛ ከናፍቆትሽና ከአባዬ ሐዘን በቀር ደህና ነን፤ ተመስገን። እማዬም ደህና ናት። ይህን ስጽፍልሽ አጠገቤ ተቀምጣለች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጉልበቷ ላይ አርፋለች፤ እሷም ግማሽ ነቅታ ግማሽ አንቀላፍታ እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ታዳምጣለች።

በስልክ በተነጋገርን ቁጥር እንባችን እየቀደመ አንድም ነገር በቅጡ ሳልነግርሽ ቀረ። አባዬን በመጨረሻ ዘመኑ ስላላየሽው «እንዴት ነበር? ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ብለሽኝ ነበር። እማዬን ወደ አንቺ ስለ መውሰድም ጠይቀሽኛል። ለሁለቱም መልስ ይሆንሽ ዘንድ ዛሬ ልቤ ረጋ ሲልልኝ ተቀመጥኩ።

አንቺ የምታውቂው አባዬ ያ ዝምተኛው አናጺ ነው። እታች እንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ሚስማር በከንፈሩ ነክሶ፣ ሰጋቱራው በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ እየተንሳፈፈ፣ ሰው ሲጠይቀው በቅንድቡ የሚመልሰው አባዬ። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሚስማር» ያለው ለዚሁ አይደል? እማዬማ «ይሄ ሰውዬ አፉ የተሠራው ለሚስማር ነው» እያለች ስንት ስቃበታለች። ቤታችን ውስጥ የሁለቱንም ድርሻ የምታወራው እሷ ነበረች። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡት ሴቶች ልካቸውን ሰጥተው፣ የልባቸውንም አራግፈው ይሄዳሉ፤ አባዬ ከታች ሲወጣ እሷ የዋለውን ወሬ ሁሉ ትዘረግፍለታለች። እሱ «እ…» ይላል። ደስ ሲለው ደግሞ «እህ!» ይላል። በዚህች በ«እ»ና በ«እህ» ዕድሜ ልካቸውን ተግባብተው ኖሩ።

አንድ ጠዋት የሰው ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን ስትለቅም እጇ ከመርፌው ላይ ዛለ፤ ቃላቷም አብረውት ሄዱ። ይህን ታውቂያለሽ። ሐኪሙ «ትሰማለች፣ ሁሉም ይገባታል፤ ቃሉ ነው መውጫው የጠፋበት» እንዳለንም ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ተደረበበት። ደንበኞቿ መጀመሪያ ሰሞን እየመጡ ጠየቋት፤ ኋላ ግን ዝምታዋ ሲያስጨንቃቸው ጊዜ እግራቸው እያጠረ ሄደ። ቤታችን ውሃ ውስጥ የገባ ይመስል ነበር፣ እታለሜ። ማንኪያ እንኳ ሳህን ሲነካ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። እማዬ ትንሽ ቀምሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ እሷንም እሱንም ላጣ ነው ብዬ ነበር።

አንድ ቀን አባዬ ሥራውን አቋርጦ ወጣና ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ…» አለ። ቆየ። በግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «ዛሬ ሰው አየሁ» አለና ዝም አለ። ማንን እንዳየ፣ የት እንዳየው የለም። እኔ ጓዳ ሆኜ አፌን በመሐረብ ይዤ ሳቅሁ። እማዬ ግን ፊቷን ከግድግዳው መልሳ አየችው።

በማግስቱ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄደ። ፀጉሩን ሊቆረጥ እንዳይመስልሽ፤ ራሱ ላይ ምን ቀርቶለት! ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ነው የነገረኝ፦ «ጋሽ ሚስማር ገብተው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ልላጭዎት ወይ ስላቸው ‹የለም፣ እናንተ ዝም ብላችሁ አውሩ› አሉ። እንዲህ ሲሉን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያወራው ጠፋው።» ከዚያ ግን ለመዱት። ከፀጉር ቤቱ መድኃኒት ቤት፣ ከመድኃኒት ቤቱ የመንገዱ ማዶ ጫማ ሰፊ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰላምታ እንኳ የሚቆጥብ ሰው ወሬ ለቃሚ ሆነልሽ!

እንዳይረሳ ለእያንዳንዱ ወሬ አንዲት ትንሽ ሚስማር ኮት ኪሱ ውስጥ ይጥል ነበር። አመሻሽ ላይ እጇን አጥቦላት፣ ራሷን አበጥሮላት፣ ለደከመው ክንዷ ማረፊያ አበጅቶ በሠራላት ወንበር ላይ አስደግፏት ሲያበቃ ሚስማሮቹን ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። አንዷን ያነሣና «ይቺ የጫማ ሰፊው አማች ናት» ብሎ ይጀምራል። አሁን ሳስበው እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ። መብራት ገና አልበራም፤ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ሚስማሮቹ ላይ ብቻ ይቀራል፤ የአባዬ ድምፅ፣ ያ የማናውቀው ድምፅ፣ ቀስ እያለ ክፍሉን ይሞላዋል። መጀመሪያ ይንተባተብ ነበር። ኋላ ኋላ የሰዎቹን አነጋገር ሳይቀር ይቀዳ ጀመር። ጫማ ሰፊውን ሲሆን ያስላል፤ የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ ሲሆን ከመነጽሩ በላይ ያያል።

የሆነው የሆነው በዚህች ሴትዮ ወሬ ነው። አንድ አመሻሽ አባዬ እንዲህ አላት፦ «ባለ መድኃኒት ቤቷ ስለ ሰርጓ ቀሚስ ስታወራ ነበር። ከውጭ አገር ያስመጣሁት ነው አለች። እንዲያ ያለ ስፌት እዚህ አገር የሚችልም የለም አለች።» ያን ቀሚስ ማን እንደ ሰፋው ታውቂያለሽ። እማዬ ዓይኗን ስንት ሌሊት ያፈሰሰችበት ቀሚስ ነው! ደረቷ ከፍ ዝቅ አለ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ድንገት «ው… ውሸት!» አለች።

ሚስማሩ ከአባዬ እጅ ወደቀ። «ምን አልሽ?» አላት።

«ውሸት!» አለች ደግማ፣ አሁን በኃይል።

እታለሜ፣ አባዬ በነጠላ ጫማው ደረጃውን ወርዶ መንገድ ላይ ወጣ። «ባለቤቴ ውሸታም አለችኝ! ሰዎች፣ ውሸታም አለችኝ!» እያለ እጁን እያወናጨፈ ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ይመላለሳል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጣ፤ ከኋላው ደግሞ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛው። አባዬ ያለቅስ ይሆን ይስቅ ለማወቅ ይከብድ ነበር። ሁለቱንም ይመስለኛል።

ባለ መድኃኒት ቤቷ በእርግጥ እንዲያ ብላ ይሁን ወይም አባዬ አውቆ ፈጥሮት ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ስጠይቀው በቅንድቡ ነበር የሚመልስልኝ። ብቻ ከዚያ ወዲህ በየወሬው መካከል አንዳንድ ስሕተት ጣል ያደርግ ጀመር። የአንዱን ሚስት ለሌላው ይድራል፣ የሞተውን ያስነሣል፣ ወፍራሙን ቀጭን ያደርጋል። እማዬ ደግሞ «የለም!»፣ «እሷ አይደለችም!» እያለች ታርመዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂት ቃላት ተመለሱላት። ከሁሉ የምትወዳት ግን «ከዚያስ?» የምትለዋን ነበር። እሱ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ሲል «ከዚያስ?» ትለዋለች። ፊቱ ያን ጊዜ እንዴት እንደሚያበራ ባየሽው።

የሄደውም እንዲሁ እያወራት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ያብለጨልጫል። እኔ በጎን ክፍል ልብስ እተኩሳለሁ፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ይሰማኛል። «ለብዙ ዘመን ጢሙን ያሳደገ አንድ ሽማግሌ ዛሬ ሊላጭ መጣ» አላት። «ፀጉር አስተካካዩም ‹እርግጠኛ ነዎት?› ቢለው ‹አዎ› አለ። ተላጭቶ ሲያበቃ መስታወቱን ቀና ብሎ አየና…» አለ፤ ዝም አለ።

«ከዚያስ?» አለች እማዬ።

የመኪና ድምፅ በመንገዱ አለፈ። «ከዚያስ?» አለች ደግማ። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ሌላ ሆነብኝና ካውያውን አስቀምጬ ሮጥኩ። አባዬ ራሱን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሚስማሩን በጣቶቹ መካከል እንደያዘ፣ ቃል የጠፋው ሰው ይመስል ነበር። አልተሠቃየም፤ ይህን እወቂልኝ። እማዬ በደህና እጇ እጅጌውን ይዛዋለች። አልጮኸችም። እስኪጨርስላት ትጠብቀው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ እማዬ እንደገና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያቺ ጥቂት ቃልም አብራው የሄደች መሰለኝ። እኔም ልሞክር ብዬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ግን «ዛሬ…» ብዬ ጀምሬ ሾርባዋን ላሙቅ ብዬ ተነሣሁ። አንድ ቀን፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ በር ተንኳኳ። ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ነጭ ጋዋኑን እንኳ አላወለቀም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና «እማማ፣ የዚያ ጢማም ሽማግሌ ነገር ሳያልቅ እንደቀረ ልጅዎ ነገረችኝ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ላስጨርስልዎት መጥቼ ነው» አላት።

እማዬ አልዞረችም። እሱም ቀጠለ። ሽማግሌው መስታወቱን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ፤ ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ ጎንበስ አለና «እንዴት ዋሉ አባቴ?» ብሎ እጅ ነሣ። ጢሙ ሲነሣ መስታወቱ ውስጥ ቁጭ ያሉት የሞቱት አባቱ ነበሩ። «ጋሽ ሚስማር ይህን ሲያዩ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ‹ይችን ለባለቤቴ› ብለው ወጡ።»

እማዬ ቀስ ብላ ዞረች። አየችው፣ አየችውና «ከዚያስ?» አለችው።

ፀጉር አስተካካዩ ራሱን አከከ። «ከዚያማ… ጢሜን መልስልኝ ብሎ ነዘነዘኛ!» አላት። እማዬ ሳቀች፣ እታለሜ! አባዬ ከሄደ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ እንባ ዞረ፤ እኛም አብረናት አለቀስን። ያን ቀን ሾርባዋን ሁሉንም ጠጣች።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰው አያጣም። ጫማ ሰፊው በምሳ ሰዓቱ ብቅ ይላል። ባለ መድኃኒት ቤቷም መጥታ ነበር፤ የቀሚሱን ነገር ማንም አላነሣባትም፣ እማዬ ግን በዓይኗ ከላይ እስከ ታች ለካቻት። እኔም ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ ከታች መላጊያው እንጨት ላይ ሲሄድ የምሰማ ይመስለኛል። ነቅቼ አዳምጣለሁ፤ ምንም የለም። ግን አያስፈራኝም።

እማዬን ስለ መውሰድ ያልሽውን ነገርኳት። «እታለም ዘንድ ትሄጃለሽ?» አልኳት። ወደ መንገዱ አየች፤ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ትናንት ደግሞ በጣቷ ደረጃውን አሳየችኝ። አቅፌ፣ ደግፌ አወረድኳት፤ ከታመመች ወዲህ መንገድ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ፀጉር ቤቱ ድረስ ሄድን፤ አግዳሚው ላይ አስቀመጧት፤ እዚያ ስትስቅ ዋለች። ስለዚህ አትከፊ፤ እሷን ከዚህ መንገድ መንቀል ይከብዳል። አንቺ ነይ። ልጆቹንም ይዘሽ ነይ።

ባለቤቴ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሻል። ልጄ አክስቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ትስማታለች። ፀጉር አስተካካዩም በስሜ ሰላም በይልኝ ብሏል። ለባለቤትሽ፣ ለትልቁ ልጅሽ፣ ለዚያች ለወላቃዋ በየስማቸው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬንም «ለእታለም ምን ብዬ ልጻፍላት?» ብዬ አሁን ጠየቅኋት። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አሰበች፤ ቃሉን ከሩቅ ስትፈልገው ይታየኝ ነበር። ከዚያ አገኘችውና፦

«አጫውቻት» አለች።

ታናሽ እህትሽ
ከእማዬ መስኮት ሥር፣ ጥቅምት አጋማሽ፣ ከሰዓት በኋላ