ያልቀየርሽው መሳቢያ

ውድ እህቴ፣

«ውድ» ያልኩሽ እጄ ስለለመደ ነው። ስልክሽን ያላነሳሁት ደግሞ ከአፌ ምን እንደሚወጣ ስለማላውቅ ነው፤ ጽሑፍ ቢያንስ ይሰረዛል።

እሁድ ከሰዓት ድራማሽን ልናይ ሶስታችንም ሶፋው ላይ ተደርድረናል። ስምሽ ሲመጣ ልጄ እንደ ልማዷ አጨበጨበች።

«የአክስቴ ነው!»

«ሰምተናል፣ እኛም ማንበብ እንችላለን» ብሎ አባቷ አሾፈባት።

ከዚያ ያቺ የጻፍሻት ሴትዮ መጣች። ልጇ የማደጎ ነው፤ እሱ ግን አያውቅም። እኔን ልብስ ሰፊዋን ዳቦ ጋጋሪ፣ ባለቤቴን ሹፌር፣ ልጄንም ወንድ አድርገሻል። ጎበዝ! የማደጎ ወረቀቱን ግን የት ደበቀችው? የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአዝራሮቹ ሥር።

«ዳቦ ጋጋሪ የስፌት መኪና ምን ያደርግላታል?» ብላ ልጄ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ አየችኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እንጃ፤ ብቻ ተነስታ ወደ ስፌት ክፍሌ ሄደች። መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከባለቤቴ ሌላ ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። የነገርኩሽ እህቴ ስለሆንሽ እንጂ ደራሲ ስለሆንሽ አልነበረም። «ንገሪያት እንጂ፣ ኋላ ከሌላ ሰው ትሰማለች» እያልሽ የጨቀጨቅሽኝ አንቺው አይደለሽም? እውነትሽን ነበር፤ ፈሪዋ እኔ ነኝ፣ አልክድም። ግን ያ ሌላ ሰው አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ በምን ልጠርጥር? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። «እናቴ አይደለሽም ብትለኝስ?» ብዬ እቅፍሽ ውስጥ ያለቀስኩትን ለተዋናይቷ ሰጥተሽ፣ እሷም ከእኔ አሳምራ አለቀሰችው። ገመናዬን አደባባይ አውጥተሽ በማግስቱ ደግሞ «እንዴት አያችሁት?» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። አንቺ አደራ በላ!

ልጄ አልጮኸችም። ወረቀቱን ደጋግማ አንብባ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ወዲህ «እማ» ብላኝ አታውቅም፤ ስትፈልገኝ መጥታ አጠገቤ ትቆማለች። ትናንት የዩኒፎርሟን ቀሚስ ላሳጥርላት ተንበርክኬ ስለካ፣

«አክስቴ መጨረሻውን ጽፋዋለች?» አለችኝ።

«ምነው?»

«ልጁ ሴትዮዋን ትቷት ይሄዳል?»

እስፒሎቹን በጥርሴ ይዤ የቀሚሷን ጠርዝ ማጠፍ ጀመርኩ።

ይቅርታ ልጠይቅ ብለሽ እንዳትመጪ፤ በሬን አልከፍትልሽም። ግን መጨረሻው ገና ካልተቀረጸ፣ እባክሽ፣ ልጁን እቤቱ አስቀሪልኝ። እሁድ ልታየው ነው።

ታላቅሽ