እርስዎ ይቅደሙ ስለተባሉት ጋሼ ዳኜ

ለክቡር አቶ ግዛው ዘለቀ
የፌርፋክስ ኢትዮጵያውያን ወፍ አዳኞች ማኅበር ሊቀ መንበር

ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ እንደ ምን ሰንብተዋል? ከነባለቤትዎ፣ ከነልጆችዎ፣ በተለይም ከነሁለት ዓይንዎ ደኅና እንዲሆኑ እመኛለሁ።

በጥቅምቱ የድርጭት አደን በጋሼ ዳኜ ላይ ስለደረሰው አደጋ የሰጡት ውሳኔ ማኅበራችን በሚሰበሰብበት ሬስቶራንት በር ላይ ተለጥፎ አነበብኩት። ማኅበሩ እንዳይከፋፈል የተኳሹ ስም አይገለጽም፤ ጥፋቱ የሰይጣን ነው፤ ጋሼ ዳኜም ከመስመር ወጥተው ተገኝተዋል ይላል። ሰይጣን እስከ ካሊፎርኒያ በረሃ ድረስ ደክሞ ቢያገለግለንም አመስጋኝ አጥቷልና፣ ምስጋናውን እኔ ለእርስዎ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰልፉ። ወፍ በቡድን ሲታደን ሁሉም ጎን ለጎን እኩል ይራመዳል፤ ከመስመሩ ፊት ሰው ካለ ማንም አይተኩስም። እርስዎ ግን ከታላቅ ጋር እኩል መሰለፍ ነውር ነው ብለው ጋሼ ዳኜ እንዲቀድሙ ጋበዟቸው። እሳቸው ሦስት ጊዜ ተግደረደሩ፤ እኛም በሞቴ እያልን አስቀደምናቸው። ከመስመር የወጡት እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ አዳኝ ከሩቅ እንዲታይ የሚለብሰው ብርቱካናማ ሰደርያ መንገድ ጠራጊ ያስመስላል ብለው ስላስቀሩልን እግዜር ይስጥልኝ። የጋሼ ዳኜ ቡናማ ጃኬት ከቁጥቋጦው አይለይም ነበር።

ሦስተኛውን በእርስዎ ላይ ብለጥፈው ደስ ባለኝ፤ ግን የራሴ ነው። ከመካከላችን የጠመንጃ ጥንቃቄ የሚያስተምረው ሴፍቲ ክላስ ገብቼ፣ ደንቡን ለሁሉም በአማርኛ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ዳኜ ሲቀድሙ እያየሁ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ። ድርጭቷ ብድግ ብላ ዝቅ ብላ በእሳቸው በኩል ስትበር አፈሙዜን ከእሷ ጋር እያዞርኩ ተኮስኩ። ተኳሹ እኔ ነኝ። ሰይጣን ጠመንጃ አልያዘም ነበር።

የጋሼ ዳኜ ግራ ዓይን ጠፍቷል፤ ቀኙም ፊደል አይለይም። ታክሲያቸው ኢንግልዉድ ቤታቸው ደጃፍ እንደቆመ ነው። እኔ በየጧቱ ከሥራ በፊት እየሄድኩ ዳዊት አነብላቸዋለሁ። እሳቸውም ማን እንደመታቸው ሳያውቁ ልጄ ተባረክ እያሉ ይመርቁኛል። ውሳኔዎ ያተረፈልኝ ይህን ምርቃት ነው፤ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። ከእንግዲህ ግን አልችልም፤ ሰውነቴን ጠላሁት።

ስለዚህ በእሳቸው ላይ የተጻፈው ተሰርዞ፣ በምትኩ ስሜ በጉልህ እንዲጻፍ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ገበናዬን ስለ ሸፈኑልኝ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ደንቡን እያወቀ ዝም ያለው አባልዎ
ተስፋሁን ብርሃኑ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በሩ ላይ ከመለጠፌ በፊት ዛሬ ጧት ለጋሼ ዳኜ አነበብኩላቸው። እስከ ፊርማው ድረስ ሰሙኝ። ከዚያ ተኳሹ እኔ ነኝ የሚለውን እንድደግመው ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው። ቀጥለውም፣ ልጃቸው የምሥራች ወዳለችበት ፊታቸውን አዙረው፣ «ከነገ ጀምሮ የምሥራች ታነብልኛለች፤ አንተ አትድከም» አሉኝ።