የጋያ ፀጉርና ያ ውድ ማድረቂያ

አፉላ፣ ጊቫት ሃሞሬ
እሑድ፣ 30.11.2025

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሮተም፤

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? የቡዳፔስት ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ለጎረቤታችን ለአቻምየለሽ እየደወልሽ «አባዬ እንዴት ነው፣ እውነቱን ንገሪኝ» እንዳትያት ነው። ነግራኛለች፤ እሷ ሆድ ውስጥ ነገር አያድርም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ ትይ ይሆናል። በድምፅ ብልክልሽ እኅትሽ ጋያ ትሰማዋለች፤ ስልኬ ከኔ ይልቅ እሷ እጅ ነው የሚውል። የአማርኛ ፊደል ግን አታውቅም። አንቺን ሳስቆጥርሽ እሷ ገና አልተወለደችም፤ እሷን ላስቆጥር ስል ደግሞ እናታችሁ ታመመች፣ ከዚያ ወዲያ ለፊደል ማን ልብ ነበረው። ስለዚህ ይህ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ቢውልም አልፈራም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጋያ ባለፈው ደውላ አለቀሰችብሽ። «ፀጉሬ ጨብራራ ነው፣ ለጓደኛዬ ለአዲ የባት ሚጽቫ በዓል አልሄድም፣ ይስቁብኛል» አለችሽ። አንቺ ደግሞ ለኔ ምን አልሽ? «ወይ ያን ውድ የፀጉር ማድረቂያ እልክላታለሁ፣ ወይ ትምህርቱን ትቼ እመጣለሁ።» ኧረ ተይ ልጄ! ይህን ሁሉ ጊዜ የለፋሽበት የላምና የፈረስ ሕክምና በአንዲት ልጅ ፀጉር ይፈርሳል? ዋጋውንማ ስሰማ «ፀጉር ብቻ ነው የሚያደርቀው ወይስ ወጥም ይሠራል?» አልኩ።

ግን ሳላይ መፍረድ አልፈለግሁም። የአቻምየለሽ ልጅ ኬሬን ያንኑ ማድረቂያ ከሠራዊት ስትወጣ ገዝታዋለች፤ ዓርብ ዕለት አዋሰችን። የኛን ቤት ዓርብ ታውቂዋለሽ። ሰንበት ሳትገባ ፀጉር ይታጠባል፣ አንቺ ሶፋው ላይ፣ ጋያ በጉልበትሽ መሀል፣ ከእናታችሁ የተቀበልሽው ሚዶ በእጅሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ልጅቱ በላስቲክ ጠፍንጋ አስራው ትውላለች። ያን ዕለት ደግሞ ሸለቆው ጭጋግ በጭጋግ ነበር፣ ከኛ ሰገነት መሀል ከተማው እንኳ አይታይም። ጭጋግ ሲሆን ፀጉሯ እጥፍ እንደሚሆን ላንቺ አልነግርሽም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ማሽኑ ጉድ ነው። እንደኛው አሮጌ አይጮህም፣ ጆሮ አያቃጥልም። በቀኝ በኩል ያለው ፀጉር ለስልሶ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ጋያ መስታወት አይታ ሳቀች። ስንት ጊዜ ሆነኝ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት! ልቤ «ይገዛላት» አለ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ መብራቱ ድርግም።

ለካ እኔ ጅሉ፣ የሰንበት ምግብ የሚሞቅበት ፕላታ በርቷል፣ የገላ ውኃ ማሞቂያው ዱድ ያፈላል፣ ምድጃ ውስጥ ዶሮ አለ፣ የክፍሉ ማሞቂያም ይሠራል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያለን ነገር ሁሉ ይበራል፣ ያ ማሽን ደግሞ በላዩ! ከበሩ ጀርባ ያለውን ዋናውን የመብራት ማብሪያ አነሳሁ፣ መልሶ ወደቀ። ዱዱን አጠፋሁ፣ ወደቀ። ዶሮውን አጠፋሁ፣ ለትንሽ ሠራና ወደቀ። ፕላታውን ላጥፋ ብል ሰንበትን ቀዝቃዛ ምግብ ልንበላ ነው። ስንታገል ቀኑ ሄደ፤ በዚህ ወር የዓርብ ፀሐይ አትጠብቅሽም። የሰንበት ሻማ ማብሪያው ሰዓት ተቃረበ። ሰንበት ከገባች ሥራ ክልክል ነው፤ ማሽንም የለም፣ ሹሩባም የለም።

ጋያ መስታወቱ ፊት ቆማ «አባ፣ ቲስታከል ዐላይ፣ እየኝማ! ግማሽ በግ ግማሽ ፈረስ ሆንኩ!» ብላ አለቀሰች። «ነገ አልሄድም፣ አበቃ።» በዚያች ደቂቃ ምን ታየኝ መሰለሽ? አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ። ደስ አይበለኝ እያልኩ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ራሴን ተቆጣሁ።

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና «ነይ፣ ጉልበቴ መሀል ተቀመጪ» አልኳት።

«አባ፣ አንተ አትችልም።»

«ማን ነገረሽ?»

በኛ አገር ወንድ ሹሩባ ሲሠራ ቢታይ መንደሩ ለዓመት የሚስቅበት ነገር ነበር። እኔ ግን ዓርብ ዓርብ ሻዬን ይዤ ፊት ለፊታችሁ ስቀመጥ ዓይኔ ሥራ አልፈታም። መሀሉን በሚዶው ጫፍ ትከፍያለሽ፣ ከግንባር ትጀምሪያለሽ፣ ከሥር እያነሳሽ ትጨምሪያለሽ፣ ስትጨርሺ ጫፉን ትስሚያለሽ። ለስላሳውንም ጨብራራውንም መልሼ አረጠብኩት። እጄ ደግሞ የከተማውን ዛፍ ሲቆርጥ የኖረ እጅ ነው፤ የመጀመሪያው ጉንጉን ተፈታብኝ። «አይ!» ስትል ሰማሁ፤ ጠበቅ አድርጌ ይዣለሁ ማለት ነው። ሁለተኛው ያዘ። አቻምየለሽ ማድረቂያውን ልትወስድ ብቅ ብላ እኔን ስታይ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «አቶ ለገሰ፣ ለኔም ወረፋ ያዝልኝ!» አለች። ጋያም በእንባዋ መሀል ሳቀች። የመጨረሻውን ጫፍ አስሬ ሳበቃ ጋያ ሻማውን አበራች።

አንዱ ጉንጉን ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነበር። ቢሆንም በማግስቱ ሄደች።

በጸሎት ቤት እኔ ከወንዶቹ ጋር፣ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ከልጃገረዶቹ ጋር ነበርን። አንዷ በዕብራይስጥ «ማን ሠራሽ?» ስትላት ሰማሁ። መጽሐፉን ተውኩና ጆሮዬን ወደዚያ ጣልኩ። ምን ልዋሽሽ፣ «አባቴ» እንድትል ጠብቄ ነበር።

«አኾቲ» አለች። እኅቴ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«እኅትሽ ሀንጋሪ አይደለችም እንዴ?»

«አዎ፣ ግን ይህ የሷ አሠራር ነው» አለቻት።

አልተቀየምኩም፣ እውነቷን ነው። እኔ ያየሁት ያንቺን እጅ፣ አንቺ ያየሽው የእናትሽን እጅ ነው። ዓይኔ ውኃ ሞላ፣ አብሮኝ የሚጸልየው ሞርዴካይ አጠገቤ ሆኖ «ምን ሆንክ?» ሲለኝ ጉንፋን ነው አልኩት።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ማሽኑ መልካም ነው፣ ለገዛው ይባረክለት። ለኛ ግን አትግዢ። ጋያ ከፍ ስትል ራሷ ሠርታ ትግዛው፣ ያን ጊዜ ዱዱንም አጠፋላታለሁ። አንቺም እንዳትመጪ። ትምህርትሽን ጨርሺ፤ ዓርብ ዓርብ እኔ አለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። አብሮሽ የሚማረው ኦርኤል ወደ እናንተ ስለሚበር በርበሬና ሽሮ፣ የእናትሽንም ሚዶ እንድልክልሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በርበሬውና ሽሮው ይደርስሻል። ሚዶውን ከዕቃው መሀል አስቀምጬው ነበር፣ ጋያ አወጣችው። «እሷ ትምጣና ትውሰደው» ብላ ትራሷ ሥር ከተተችው። ስታወጣው እያየኋት ነበር፤ አልከለከልኳትም።

የአባቶቻችን አምላክ በሄድሽበት ይቅደምልሽ፣ በእጅሽ የዳሰስሽው ሁሉ ይዳን፣ ላሙም ፈረሱም። በርትተሽ ብዪ፣ ወፍራም ልበሺ። ጋያ እንድስምልሽ ብላለች፣ ስሜሻለሁ።

አባትሽ ለገሰ